ያዘልኩት ማን ነበር?

የማያምን አይመን። እኔ ግን በዚህ ጀርባዬ አዝዬዋለሁ።

"ጨለማ ነበር፣ ዓይኗ ተሳስቶ ነው" እንዳትሉኝ። ቀትር ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ የሰው ጥላ እግሩ ስር የገባበት ሰዓት።

አገሩ ማንካይ ነው፤ ከሊማ ከተማ በላይ፣ ተራራው ውስጥ ያለው መንደራችን። ካህናቱ ኢኔስ ብለው አጥምቀውኛል። ቤት ውስጥ ግን ቹምፒ ነኝ።

እናታችን በፈንጣጣ ሞተች። ስፔኖቹ ቤተክርስቲያኑ ወለል ስር ቀበሯት፤ አዲሱ ሥርዓት እንደዚያ ነው የሚያዘው። ለእኛ ግን ሙት አፈር አይጫነውም። ይታፈናል። እንደተቀመጠ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ በጨርቅ ተገንዞ፣ ከአያቶቹ ጋር ዋሻ ውስጥ ይኖራል። ይጠማዋል። የበቆሎ ጠላ እንወስድለታለን።

ስለዚህ እኔና ወንድሜ ያክሳ ተደብቀን ከወለሉ ስር አወጣናት። ገንዘን ዋሻው ውስጥ አስቀመጥናት። ወገቧን እኔ በሸመንኩት ቀይ መቀነት አሰርኩላት።

ለረጅም ጊዜ ማንም አልነካትም።

ከዚያ መርማሪው ፓድሬ፣ የስፔኖቹ ቄስ፣ መጣ።

"እምነታችሁን ላጸዳ ነው የተላክሁት" አለን። ሂላርዮ ነበር የሚተረጉምለት። ሂላርዮ እዚሁ መንደር ነው የተወለደው። የቤተክርስቲያኑን ጅራፍ ከያዘ ወዲህ ግን የገዛ አጎቱንም አያውቅ።

"ሙታኖቻችሁ የት ናቸው?"



ያክሳን ግንድ ላይ አስረው ገረፉት። ጸጉሩን ላጩት፤ ለእኛ ወንድ ከጅራፉ ይልቅ እሱ ነው ሞቱ። አልተናገረም። የተናገረችው ጎረቤታችን አሮጊቷ ናት፤ የልጅ ልጇን ዓይኗ እያየ ሲገርፉባት ጊዜ። አልፈርድባትም።

ማምሻውን ከግንዱ ሲፈቱት ያክሳ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

"እናታችንን አላስነካትም።"

"ይገድሉሃል!"

"ቀድሜያቸው እደርሳለሁ። አንቺ ዝም በይ ብቻ።"

ሲነጋ አልነበረም።

ረፋድ ላይ ሁላችንንም ወደ ዋሻው ነዱን። የፓድሬው ቅጣት ይሄ ነበር... እያንዳንዱ የራሱን ሙት አዝሎ፣ አደባባዩ ላይ ወደሚቃጠልበት እሳት ያወርዳል።

ባል ሚስቱን አዘለ። ሽማግሌው አባቱን። አንዷ ጨቅላዋን አቀፈች፤ ልታጠባ የተቀመጠች ነው የምትመስለው።

እኔ የእናቴ ቦታ ባዶ እንዲሆን እየለመንኩ ገባሁ።

ባዶ አልነበረም።

"ይቺውልሽ!" አለ ሂላርዮ እየሳቀ። "አዝላ አሳደገችሽ አይደል? ውለታዋን መልሺ እንጂ!"

ቀይ መቀነቱን አየሁት። ጥለቱ የእኔ ነው። ያክሳ አልደረሰም ማለት ነው።

ጎንበስ ብዬ አዘልኳት።

ተንገዳገድኩ...

የደረቀ ሰው ቀላል ነው። እንደ ጭራሮ። ይሄ ከባድ ነበር።

ደግሞ... ይሞቃል።

ፀሐይ ነው አልኩ። ግን እዚያ ዋሻ ውስጥ ፀሐይ ገብቶ አያውቅም።

ቁልቁለቱን ጀመርን። ሰው ባለፈ ቁጥር የሚጮኹት የመንደሩ ውሾች ከመንገዱ ዳር ተኝተው ያዩናል። አንዱም አልጮኸም። እኔ አጠገባቸው ስደርስ ተነስተው ሄዱ።

አንገቴ ላይ ያረፈው ጨርቅ ረጠበ። ላቤ መሰለኝ። ላብ ግን ይወርዳል እንጂ አይመላለስም። ይሄ ይመጣል... ይሄዳል። ይመጣል... ይሄዳል።

እስትንፋስ ነበር።

"ቹምፒ..."

አንገቴን ዘወር አደረግሁ።

"ያክሳ?... አንተ ነህ?"

"ዝም ብለሽ... ሂጂ።"

ድምፁ ሻካራ ነው፤ የወንድ ይሁን የሴት አይለይም። ግን ከሞት ተርፎ ቹምፒ ብሎ የሚጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። በቃ ገባኝ። ሊያሸሻት ሄዶ፣ ሰዎቹ ሲደርሱበት መግቢያ አጥቶ፣ እናታችን መገነዣ ጨርቅ ውስጥ ተሸሽጓል!

"ወንዙ ጋ... አውርጂኝ።"

ብጮህ ሂላርዮ ይይዘዋል፤ ለሸሸ ሰው ደግሞ የመሰቀያ ገመድ ነው የሚጠብቀው። ዝም ብል እሳቱ አለ። የቀረኝ ወንዙ ነበር።

ወንዙ ጋ ሆን ብዬ ወደቅሁ። ቋጠሮውን በጥርሴ ያዝኩ። ሊላላ ሲል ጅራፉ እጄ ላይ አረፈ።

"ተነሺ አንቺ! ሬሳም ውሃ መሻገር ይፈራል እንዴ?"

ሌሎቹ ጠባቂዎች ሳቁ። ሂላርዮ ራሱ አንስቶ ጀርባዬ ላይ ጫነብኝ። ሲያነሳው ሳቁ ፊቱ ላይ ቆመ። ክብደቱን አውቆታል። ዓይን ለዓይን ተያየን።

"ሂጂ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ጀርባዬ ላይ ያለው ድምፅ አልተመለሰም። እስትንፋሱ ብቻ... እየፈጠነ።

አደባባዩ ላይ እንጨቱ ተከምሯል። ፓድሬው እግር ላይ ተደፋሁ።

"አባቴ! ሙት አይደለም፣ ይተነፍሳል! ወንድሜ ነው! ግረፉት፣ እሰሩት፣ ብቻ ፍቱልኝ!"

ሂላርዮ ተረጎመ። በትክክል ይሁን አይሁን እንጃ።

ፓድሬው ቀረበ። መዳፉን የተገነዘው ደረት ላይ አሳረፈ። ቆየ...

ከንፈሩ ነጣ።

እጁን መለሰና በቀሚሱ ጠረገ። ደግሞ ጠረገ።

"ሰይጣን በሙት ውስጥ ይተነፍሳል" አለ በቀስታ። "በገዛ እጇ ትለኩሰው።"

ሰምታችኋል? ነክቶታል። አውቋል።

"እርዱኝ!" ብዬ ጮህኩ፣ ከጀርባዬ ወስደው እንጨቱ ላይ ሲያስቀምጡት። የመንደሬ ሰዎች የየራሳቸውን ሙት ታቅፈው መሬት መሬት አዩ። ሂላርዮ ችቦውን መዳፌ ውስጥ አስገብቶ ጣቶቼን በጣቶቹ ጨመቀ። ክንዴን የራሱ ክንድ ይመስል ዘረጋው።

ጩኸት ጠበቅሁ።

አልጮኸም።

ነበልባሉ ደረቱ ላይ ሲደርስ ቀና አለ። አንገቱን ቀስ አድርጎ ወደ እኔ አዞረ... እስኪያልቅ ድረስ እንደዚያው ሆነ። የሌሎቹንም ሙታን ላዩ ላይ እየወረወሩ ከመሩበት።

ሲለቁኝ ወደ ተራራው ሮጥኩ። ገደል ፍለጋ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ከዋሻው በላይ፣ ትልቁ አለት ስር፣ አንድ ሰው ተቀምጧል። ጭንቅላቱ የተላጨ።

ያክሳ!

ከጎኑ እናታችን አለች።

"አልደረሱባትም እህቴ!" አለኝ ፊቱ በርቶ። "ቀላል ናት እኮ። ላባ ነው ያዘልኩት።"

ወገቧን አየሁ። ቀይ መቀነት። ጥለቱ የእኔ።

"ያክሳ... ቦታዋ ላይ ምን አስቀመጥክ?"

"ምን አስቀምጣለሁ? ባዶውን ነው የተውኩት።"

"እኔ ማንን ነው ታዲያ ያቃጠልኩት?"

ወደ መንደሩ ጭስ ዘወር አለ።

ከመንደሩ የጎደለ ሰው አልነበረም። ቤት ለቤት ዞሬ ጠይቄያለሁ። ዛሬም ማንካይን የሚያውቅ ሰው ካገኘሁ እጠይቃለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ለትምህርተ ክርስቶስ ወረድኩ፤ የቀረ ይገረፋላ። ደወሉ አልተደወለም። ሕዝቡ አደባባዩ ላይ ቆሟል። ሂላርዮ የፓድሬውን በር ያንኳኳል።

"አባቴ?... አባቴ?"

ደግሞ አንኳኳ።

ሰዎቹ በሩን አልነበረም የሚያዩት። መሬቱን ነው።

በሩ ሥር፣ ደረጃው ላይ፣ የባዶ እግር ዱካ አለ። በአመድ የታተመ። በዓይኔ ተከተልኩት... አደባባዩን አቋርጦ፣ እሳቱ የነበረበት መሃል ድረስ።

ዱካው ከአመዱ ይወጣል።

ወደ አመዱ የገባ ግን አልነበረም።