በቆሎዬ፣ ደርሰሃል ወይ?

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ልጆች። ዝናቡ ውጭ ይዝነብ፤ እኛ የትርንጎን ነገር እንስማ።

በሁለት ተራሮች መካከል ዝግባ ውሃ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አንድ መንገድ፣ «ቱክ! ቱክ! ቱክ!» የሚል አንድ ወፍጮ ቤትና አንድ ጎረምሳ ወንዝ አላት።

ወንዙን ጎረምሳ ያልኩት ወድጄ አይደለም። በበጋ ቁርጭምጭሚት እንኳ አይደርስም፤ ክረምት ሲገባ ግን «ሿ! ሿ! ሿ!» እያለ መንገዱን ይዘጋል።

ትርንጎ አምስት ዓመቷ ነው። ከታላቅ እህቷ ከየዝና ጋር በአንድ ጋቢ ይተኛሉ።

ትርንጎ እህቷን በስሟ አትጠራትም። «እታለም» ነው የምትላት።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምቱ ሲጀምር ከወንዙ ማዶ ያለችው አክስታቸው ወለደች። የዝናም ወንዙ ሳይሞላ ልሻገርና አራሷን ላግዝ ብላ ተነሳች።

ትርንጎ የእታለምን ቀሚስ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። አልለቅም አለች።

የዝና ወደ ጓሮ ወሰደቻት። እዚያ አንድ ረጅም በቆሎ ቆሟል፤ ከግንዱ በታች በኩል ትንሽዬ ፍሬ፣ ከፍሬው ጫፍ ደግሞ ነጭ፣ ለስላሳ ጢም አውጥቷል።

«ይህ በቆሎ ሲደርስ እመጣለሁ» አለቻት የዝና። «አብረን ጠብሰን እንበላለን።»

ከዚያም ሄደች። ያን ቀን ማታ ጋቢው ለትርንጎ በጣም ሰፋት።

በማግስቱ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ ወደ ጓሮ ሮጠች።

«በቆሎዬ፣ ደርሰሃል ወይ?»

በቆሎው ዝም።

ውሃ ጠምቶት ይሆናል ብላ በጣሳ አጠጣችው። ሌሊቱን ሙሉ ዶፍ ሲወርድበት ያደረውን በቆሎ!

ሌላ ቀን ደግሞ በርዶት ይሆናል ብላ ሻርፗን አለበሰችው። እናቷ አይታ ሳቀች፤ ሻርፑን ግን ወዲያው አላነሳችውም።

«በቆሎዬ፣ ደርሰሃል ወይ?»

በቆሎው ዝም።

ዝም ሲላት ጊዜ ትርንጎ ግራ ቀኝ አየች። ማንም የለም፤ የፍሬውን ሽፋን ገለጥ አደረገችው።

«ሸርርር!»

ውስጡ እንደ ሕፃን ጥርስ ጥቃቅን ነው። «ገና ነው» አለችና መልሳ ሸፈነችው።

በማግስቱም ገለጥ። «ሸርርር!» ገና ነው።

በሦስተኛውም ቀን ገለጥ። «ሸርርር!» አሁንም ገና ነው።

ምን ታድርግ? እታለም ናፍቃታለች። ጸጉሯን ሳያማት የምትሠራት እታለም ብቻ ናት።

ወንዙ ደግሞ «ሿ! ሿ! ሿ!» ብሎ ሞላ። መኪናም መምጣት አቆመ።

ትርንጎ በር ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። ዶሮ ያልፋል፣ አህያ ያልፋል፤ እታለም የለችም።

አንድ ቀን ጠዋት በቆሎውን ስትገልጥ ክው አለች። ፍሬው ሻግቷል፤ ትል ገብቶበታል።

ትርንጎ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በቆሎው ካልደረሰ እኮ እታለም አትመጣም!

ጎረቤታቸው አባባ ደምሌ ለቅሶዋን ሰምተው ከራሳቸው ማሳ መጡ። ምን ሆንሽ ሲሏት እየተንሰቀሰቀች ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መግለጧንም አልደበቀችም።

«አይ ልጄ፣ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» አሏት አባባ ደምሌ። «ስትገልጪው ዝናብ ገባበት። የበቆሎ መድረስ በጢሙ ነው የሚታወቀው፤ ጢሙ ደርቆ ሲጠቁር ደረሰ ማለት ነው።»

ታዲያ አሁን ማወቋ ምን ይጠቅማታል? ፍሬው እንደሆነ ተበላሽቷል። ትርንጎ እንደገና ልታለቅስ ከንፈሯን ጣለች።

አባባ ደምሌ ግን ፈገግ ብለው ብብቷን ያዙና አነሷት። ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ!

እዚያ ላይ፣ የትርንጎ እጅ በማይደርስበት፣ ከሰፊ ቅጠል ጀርባ ሌላ ፍሬ ተደብቋል! ወፍራም ነው፤ ማንም አልነካውም።

ጢሙ ግን ገና ቡናማ ነው። ትርንጎ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

ከዚያ ወዲያ ጓሮ ስትገባ እጆቿን ከኋላዋ ታጣምራለች። ድንጋይ ላይ ብትቆም ትደርስበታለች፤ እጇንም ይበላታል፤ ግን አትነካም።

«በቆሎዬ፣ ደርሰሃል ወይ?»

ጢሙ ቡናማ ነው። ገና ነው።

«በቆሎዬ፣ ደርሰሃል ወይ?»

ጢሙ ጠቆር ብሏል። ገና ነው።

መጠበቅ ከባድ ነው፣ ልጆች። እኔም ብሆን አልወደውም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ጉሙ ከተራሮቹ ላይ ተነሳ። ወንዙም ጉልበቱ አለቀና ቀስ ብሎ «ሿ...» አለ።

አንድ ጠዋት ትርንጎ ቀና ብላ አየች። ጢሙ ጥቁር! ድርቅ ያለ ጥቁር!

እናቷን ጠርታ አሳየቻት። እናቷ ልትቆርጠው ስትል ግን ትርንጎ ከለከለቻት፤ እታለም ሳትመጣ አይቆረጥም።

በር ላይ ተቀመጠች። ዶሮ አለፈ፣ አህያ አለፈ፤ ፀሐይዋም ከተራራው ጀርባ ገባች።

በማግስቱም ተቀመጠች። ዶሮ አለፈ፣ አህያ አለፈ።

ከዚያ «ጲጵ! ጲጵ!» የሚል ድምፅ መጣ። እስከ ጣሪያዋ ጭቃ የለበሰች ባጃጅ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

የዝና ወረደች! ትርንጎ ሮጣ ቀሚሷን ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

«በቆሎው ደረሰ እንዴ?» አለቻት የዝና።

«አልገለጥኩትም» አለች ትርንጎ። ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ «አንዱን ገልጫለሁ።»

የዝና ሳቀችና አቅፋ አነሳቻት። ትርንጎ በገዛ እጇ በቆሎውን «ቀጭ!» አደረገችው።

ከሰሉ ላይ «ጧ! ጧ!» እያለ ተጠበሰ። ለእናቷ ጥቂት፣ ለአባባ ደምሌ ጥቂት ፈለፈሉላቸው፤ የቀረውን ትርንጎና እታለም እየተቀባበሉ ጋጡት።

ማታ ጋቢው ልክ ሆነ። እታለም መንገድ ስላደከማት ገና ከመጋደሟ ጋቢውን እስከ ጸጉሯ ተከናነበች።

«እታለም፣ ተኝተሻል ወይ?»

እታለም ዝም።

ትርንጎ ጋቢውን ገልጣ ልታያት እጇን ዘረጋች። ከዚያ መልሳ ሰበሰበችው።

የእታለም እግር እግሯን ነክቷታል፤ ይሞቃል። ትርንጎም ጠጋ ብላ ተኛች።