ማንም ያልተቀመጠበት ሽንት ቤት

መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም ነበር። ሟቹ ሹፌር ነው። አሮጌ የጭነት መኪና ላይ በተገጠመ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ በገዛ እጁ ባነጠፈው አልጋ ላይ፣ ጫማውን አውልቆ ተኝቷል። ፊቱ ቀላ ብሏል። ለማያውቅ ሰው፣ ቢጠሩት «አቤት» የሚል ይመስላል።

ይህን የዕቃ መጫኛ ሳጥን ቤት ሊያደርገው ወራት ለፍቶበታል። መስኮት ቀዶለታል፣ አልጋና ቁም ሣጥን ሠርቶለታል፤ በመጨረሻም በጥጉ በኩል ሽንት ቤት አስገጥሞ፣ ከወለሉ ሥር የፍሳሽ ታንከር አስንጠልጥሎለታል። ሁሉም ለእናቱ ነበር። እናትየው እግራቸው ከከዳቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሆዳቸውም አይታመንም። ሽንት ቤት ከሌለበት ንቅንቅ ስለማይሉ በዚያ ሁሉ ዓመት ከግቢው የወጡት ሐኪም ቤት ለመሄድ ብቻ ነው። ልጃቸው ግን «ሽንት ቤቱን ይዘነው እንሄዳለና! ባሕር ሳላሳይሽ አልሞትም፣ እማዬ» ብሎ ምሎላቸው ነበር። ሰኞ ሊነሡ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሞተ።

«እዚህ የሚመረመር ነገር የለም» አሉ አዛዡ ከመኪናው አጠገብ ቆመው። «ቧንቧ ሠራተኛው ወለሉን ቀደደና በወጉ ሳይደፍነው ሄደ። ሰውየው ሞተር አስነስቶ ተኛ፤ ከማርሚታው የሚወጣው የሞተር ጭስ በቀዳዳው ገብቶ ጨረሰው። ቧንቧ ሠራተኛውን ይዘነዋል። ፈርሚና ሂጂ።»

መርማሪዋ ቁመቷ አጭር ነው፤ ቁጣዋ ግን አይደለም። ባልደረቦቿ «ሚጥሚጣ» ይሏታል፤ እርግጥ እሷ በሌለችበት ነው።

«ሰው ለምን ሞተር አስነስቶ ይተኛል?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ሳያውቁ ነው እንዴ ሰው የሚያስሩት?»

አዛዡ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። እሷ ግን መልስ አልጠበቀችም፤ ወደ ሳጥኑ ወጣች።

ውስጡ ገና ያልተጠረገ የሥራ ቦታ ነው። የእንጨት ብናኙ አልጋው ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ የሟቹ ጫማ ላይ ሳይቀር ተኝቷል። ጣቷን ባሳረፈችበት ሁሉ መስመር ወጣ። ወደ ጥጉ ዞር ስትል ሽንት ቤቱ ነጭ ሆኖ አበራባት። ክዳኑ ተከድኗል። ከፈተችው። በሳህኑ ሥር ያለችው መዝጊያ ተዘግታ፣ ላይዋ ጥቂት ውሃ አቁራለች። ጎንበስ ብላ አሸተተችና ፊቷ ተኮማተረ።

«ማነው በሞትህ ሰዓት እዚህ ጽዳት የያዘው?» አለች ሟቹን ዞር ብላ እያየች።

ከዚያ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ አንዱን ፖሊስ ሳጥኑ ውስጥ ዘጋችበትና መኪናው ሥር በደረቷ ገባች። የእጅ ባትሪዋን የፍሳሹ ቧንቧ ወለሉን በሚበሳበት ቦታ ዙሪያውን አበራች።

«ብርሃን ይታይሃል?»

«ድቅድቅ ጨለማ ነው!» አለ ፖሊሱ ከላይ።

«እንግዲያው ብርሃን ያላለፈበት ጭስም አያልፍበትም» አለችና ልብሷን ሳታራግፍ ወጣች።

ቧንቧ ሠራተኛው ካቴና ገብቶለት የፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። ሲያያት ንዴቱ ገነፈለ።

«እኔ ገዳይ? እኔ? ሲሊኮኑን ሁለት ጊዜ ዞሬበታለሁ! ሟቹን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስንት ጊዜ አስፈትቶ አስገጠመኝ መሰለሽ! ‹ለእማዬ ከፍ አድርገው፣ ጉልበቷ አይታጠፍም› ይለኛል። አራቱንም ብሎኖች ፈታሁለት፤ ከፍ አደረግሁት። ‹አሁንም ትንሽ› ይላል። ተሰዳድበናል፤ አልዋሽም። ግን ሰው በሽንት ቤት መቀመጫ ይገደላል?»

«ታንከሩ ውስጥ ምን አለ?»

«ምን ይኖራል? አዲስ ነው! ከነላስቲኩ ነው ያመጣሁት። ጠብታ ውሃ አልገባበትም። ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ውሃ እንዳይነካው ብዬ ለራሱ ለሟቹ ነግሬዋለሁ።»

«የአየር መውጫውስ?»

«ወደ ጣሪያ የሚሄደውን ቱቦ ዛሬ ልገጥም ነበር። ለጊዜው አፉን በክዳን ደፍኜዋለሁ። አሁን የምገጥመው ምን አለና! ልጆቼ ‹አባታችን ሰው ገደለ› ሊባሉ ነው፣ እህቴ!»

«አታልቅስብኝ» አለችው። «ንዴቴን ታባክንብኛለህ።»

የሟቹ እህት ባል መካኒክ ነው። ሰፊ ትከሻውን ከአጥሩ ጋር አስደግፎ ጥፍሩን ይፍቃል። መኪናው ግቢውን ከሞላበት ጊዜ ጀምሮ ከሟቹ ጋር ዓይንና ናጫ እንደነበሩ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

«አዎ፣ አልወደውም ነበር። ታዲያስ? መግደል ቢያምረኝ ኖሮ ያን ቆርቆሮ በሬ ላይ ያቆመ ዕለት ነበር።»

«ለምን ነበር ሞተር አስነስቶ የሚተኛው?»

ሳቅ ቃጣው። «ዕድሜውን መሪ ላይ የጨረሰ ሰው እኮ ነው። ሞተር ካልጮኸለት እንቅልፍ አይወስደውም። ምሳውን ይበላል፣ ያስነሣል፣ ይተኛል። በየቀኑ ነው። ይህን የማያውቅ በግቢው የለም።»

«ያ ጎማ የማነው?» አጥሩ ላይ ጥቅልል ብሎ ወደተሰቀለው ወፍራም የጎማ ቱቦ ጠቆመች። አንደኛው አፉ ተለብልቦ ጠቁሯል።

መካኒኩ አየው። ጥፍሩን መፋቅ አቆመ። «የኔ ነው። ግን እኔ እንዲህ አልሰቅለውም። እኔ እጥለዋለሁ እንጂ እንዲህ አልጠቀልልም።»

እውነቱን ነበር፤ የሱ ዕቃ ሁሉ ግቢው ውስጥ እንደወደቀ ነው ያለው።

እህትየው እናቷ ክፍል ውስጥ ነበረች። ወንድሟ ከሞተ ሦስት ሰዓት አልሞላውም፤ እሷ አንሶላ ትቀይራለች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ንጽሕናው ግን ዓይን ይወጋል። የበረኪናው ሽታ ገና በሩ ላይ ይቀበላል። እጆቿ ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቀዋል።

«ሻይ ልወስድለት ሄድኩ» አለች ቀና ሳትል። «በሩን ስከፍተው ጭሱ ገፋኝ። ሞተሩን አጠፋሁና ጮህኩ። በቃ። እግሬ ሳጥኑን አልረገጠም።»

«ውስጥ አልገባሽም?»

«አልገባሁም አልኩ እኮ!»

እናትየው ከትራሳቸው ላይ ሆነው እንባቸውን አበሱ። «ሰኞ እንሄዳለን ብሎኝ ነበር፣ ልጄ። መቀመጫውን በልኬ ነው ያስገጠመልኝ። እንዲህ ያለ ልጅ የት ይገኛል? እጁ ይባረክ፣ እጁ ይባረክ! ለኔ ማን አስቦልኝ ያውቃል?»

እህትየው ያጠፈችውን አንሶላ ዘረጋችና እንደገና አጠፈችው።

ወዲያው እናትየው ሆዳቸውን ያዙ። እህትየው ምንም ሳትባል ብብታቸው ውስጥ ገብታ አነሣቻቸው፤ በጥጉ በር ወደ ሽንት ቤቱ አስገባቻቸው፤ አጥባ፣ አልብሳ መለሰቻቸው። እናትየው እንደተቀመጡ «ትራሱን አስተካክይው፣ ቆርቁሮኛል» አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

መርማሪዋ እጄን ልታጠብ ብላ በዚያው በር ገባች። ሳህኑ ወተት መስሏል፤ ወለሉ ምግብ ይበላበታል። አንድ ነገር ብቻ አላማረባትም። የሽንት ቤቱ ብሩሽ ሥሩ ድረስ ጥቁር ነው፤ ስትነካው ጣቷ ላይ ቅባት ያለው ጥላሸት ቀረ። ስትወጣ እህትየው ንጹሕ ፎጣ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አቀበለቻት። መርማሪዋ እጇን ጠረገችና ፎጣውን አጥፋ መለሰችላት። ደሟ ፈልቶ ነበር።

ወደ መኪናው ተመልሳ የታንከሩን ማፍሰሻ ክዳን አስፈታች። በመብራት ወደ ውስጥ ስታይ፣ ጠብታ ያልገባበት አዲስ ታንከር ልክ እንደ ጭስ ማውጫ ጠቁሮ አገኘችው።

እናትየው መንቀሳቀስ ስለማይችሉ ሁሉንም እሳቸው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አዛዡ በሩን ተደግፈው ሰዓታቸውን ያያሉ። ቧንቧ ሠራተኛው ከነካቴናው፣ መካኒኩ ከነቅባቱ፣ እህትየው ከአልጋው ራስጌ ቆመዋል።

«ቧንቧ ሠራተኛው ተሳዳቢ ነው» አለች መርማሪዋ። «ሥራው ግን እንከን የለውም፤ ብርሃን እንኳ አያሾልክም። ስለዚህ ጭሱ በወለሉ ቀዳዳ አልገባም። በታንከሩ ነው የገባው። አንድ ሰው ሹፌሩ እስኪተኛ ጠበቀ፤ ጎማውን ከማርሚታው ወደ ታንከሩ ማፍሰሻ አገናኘ። የጣሪያው ቱቦ አልተገጠመም፤ ለጭሱ የቀረለት መውጫ የሽንት ቤቱ ሳህን ብቻ ነው። ሳህኑ ሥር ያለችውን መዝጊያ ደግሞ ቀድሞ ከፍቶ አዘጋጅቷታል።»

«ጎማው የዚህ ነው!» አሉ አዛዡ ወደ መካኒኩ እየጠቆሙ።

«ጎማው የሱ ነው። እሱ ቢሆን ግን ማርሚታውንና ማፍሰሻውን ይጠርግ ነበር፤ መካኒክ የሚያየው ያንን ነው። ሁለቱንም ማንም አልነካቸውም፤ ጥላሸታቸው እንዳለ ነው። የታጠበው ምን መሰላችሁ? የሽንት ቤቱ ሳህን! ያ ሁሉ አቧራ ባለበት ሳጥን ውስጥ፣ ማንም ያልተቀመጠበት ሽንት ቤት በበረኪና ታጥቦ ያበራል! ቧንቧ ሠራተኛው ያልደረቀ ሲሊኮኑ ላይ ውሃ አያፈስም። መካኒኩ ደግሞ…» ዞር ብላ አየችው። «አንተ፣ በዚህ ቤት ሽንት ቤት አጥበህ ታውቃለህ?»

መካኒኩ አንገቱን ሰበረ። «አላውቅም።»

«አያውቅም። የሚያጥብ አንድ ሰው ነው ያለው።»

ብሩሹን ከጋዜጣ ፈትታ እግራቸው ሥር ጣለችው።

«እንዲታመም ነው!» ብላ ጮኸች እህትየው። «ትንሽ እንዲያመው፣ መኪናው ለሰው እንደማይሆን እንዲያውቅ፣ እማዬን ትቷት እንዲሄድ! ልገድለው አልነበረም!»

«ውሸታም!» መርማሪዋ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «በሩን ከፈትሽ፤ ወንድምሽ ተኝቷል፤ ሳህኑ ጠቁሯል። ቀድመሽ የደረስሽው ለማን ነው? ከዚህ ክፍል በረኪናና ብሩሽ አመጣሽ፣ አጠብሽ፣ ዘጋሽ፣ ከደንሽ፣ ጎማውን በወጉ ጠቅልለሽ ሰቀልሽ። ከዚያ ጮህሽ። ሰው ቢደርስለት ምናልባት ይድን ነበር፤ አንቺ ሽንት ቤት ታጥቢያለሽ!»

«እጄ ነው!» እህትየው የተሰነጣጠቁ እጆቿን ዘረጋች። «ቆሽሾ ሳየው እጄ ራሱ ሄደ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌላ ምን ሠርቶ ያውቃል? ወጣትነቴን እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁት! አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ‹እጅሽ ይባረክ› ተብዬ አላውቅም! እሱ መጣና በአራት ብሎን አንድ መቀመጫ አሰረ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ምርቃት! ይዟት ሊሄድ! እኔ ታዲያ ምን ልሆን ነው? ምን ልባል ነው?»

እናትየው ልጃቸውን አዩ። «አንቺ?» አሉ።

አዛዡ ካቴናውን ከቧንቧ ሠራተኛው እጅ ፈትተው ለእህትየው አጠለቁላት፤ ሌላውን ጫፍ በአንዱ ፖሊስ እጅ ላይ ቆለፉት። ሰውየው አንጓውን እያሸ «ተመስገን» ሊል አፉን ከፈተና እናትየውን ሲያይ ተወው።

ያን ጊዜ እናትየው ሆዳቸውን ያዙ። «ወይኔ… ሆዴ… ቶሎ…»

እህትየው ብድግ አለች፤ ካቴናው ከፖሊሱ እጅ ጋር ያዛት። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንድም የተንቀሳቀሰ የለም።

«ምን ትገተራላችሁ? ዞር በሉ!» መርማሪዋ ኮቷን ወርውራ እጅጌዋን ሰበሰበች። የእናትየው ብብት ውስጥ ገባች፤ ከበዷት፤ ጥርሷን ነክሳ አነሣቻቸው፤ በጥጉ በር አስገባቻቸው። አስተጣጠቧ የለመደ ሰው አይመስልም ነበር፤ ውሃው ጫማዋ ላይ ፈሰሰ፣ ቀሚሳቸውንም ገልብጣ አለበሰቻቸው። በሩ ገርበብ እንዳለ ነበርና የእናትየው ድምፅ ውጭ ድረስ ተሰማ።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ። እጅሽ ይባረክ።»

እህትየው አላለቀሰችም። ሳቀች። «ሰማችሁ?» አለች ወደ ባሏ፣ ወደ አዛዡ፣ ወደ ሁሉም እየዞረች። «ሰማችሁ አይደል?»

መርማሪዋ እጇ ውሃ እያንጠባጠበ ወጣች። ሳቁንም፣ ምርቃቱንም ሰምታለች። እንዲህ ተናዳ አታውቅም፤ የምትጮህበት ሰው ግን አጣች።

«ውሰዷት» አለች።

ወሰዷት። መርማሪዋ ፎጣ ፍለጋ ዓይኗን ወደ በሩ ወረወረች። የሚያቀብላት ሰው አልነበረም።