የአሸዋ እርሾ

«ጋሼ፣ ዙር! ጥቁሩ ላይ እንዳትወጣ!»

ሹፌሩ ፍሬን ረገጠ። ቢጫው አሸዋ አልቆ መሬቱ እንዳረረ ድስት ጠቁሯል፤ ኩርፍርፍ እንዳለ እስከ ሰማይ ጫፍ ተዘርግቷል። ከማዶው የታላቅ እህታቸው መንደርና የውኃ ጉድጓዱ አለ። በጥቁሩ ላይ ከተቆረጠ ከመምሸቱ በፊት ይገባል፤ ከተዞረ ግን በረሃ ማደር ነው።

«ለአፈር ነው እንዲህ የምትጮኸው?»

«አፈር አይደለም፣ ሕይወት ያለው ቆዳ ነው» አለ ታናሽ ወንድሙ። «ለዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሸዋውን በልጋጋቸው አጣብቀው የሠሩት። ዝናብ ሲጠፋ ደርቀው ይተኛሉ፣ ጠብ ሲልላቸው ይነሳሉ። ደርቀው ሳሉ ከተረገጡ ግን ይደቅቃሉ። ከሥራቸው ያለው ብናኝ ደግሞ ልጓም የለውም።»

ከኋላ አንድ ጆንያ ይኸው ጥቁር ቅርፊት ተጭኗል። ታናሽየው እርሾ ይለዋል። ሩቅ አገር፣ መንገድ ሊሠራበት ዶዘር ከገባበት ሜዳ የለቀመው ነው። እህታቸው ዘንድ አሸዋው ጉድጓዱን ሊውጠው ደርሷል፤ ቅርፊቱን ዙሪያውን በትኖ ውኃ ቢያርከፈክፍበት አሸዋውን ይዞ ያቆመዋል ባይ ነው። ጉድጓዱ ከተደፈነ እህታቸው ልጆቿን ይዛ የት እንደምትገባ እንጃ።

«ታዲያ እዚሁ ሞልቶ ከሩቅ ምን አስጎተተህ?»

«ይኼን ብልጠው አሸዋውን ፈታሁበት ማለት ነው። እስካሁን የእትዬን ጉድጓድ ያቆየው እሱ ነዋ!»

ሹፌሩ አፉን አጣመመ። የትምህርት ቤት ወሬ! ትምህርት ቤት ለእሱ የተዘጋው አባታቸው «አንተ ክንድ አለህ፣ እሱ ጭንቅላት አለው» ብሎ ከአራተኛ ክፍል ያስወጣው ቀን ነው። ክንድ ለፋ፣ ጭንቅላት ተማረ። ጭንቅላት ሲመረቅ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ፎቶ ተነሣ፤ ክንድ ውጭ መኪና ይጠብቅ ነበር።

በዚህ መሀል ከኋላ ክላክስ ጮኸ። ቦቴው ነው። ውኃ እየጫነ ጉድጓድ ለነጠፈባቸው የሚሸጥ ሰው ሲሆን፣ ሁሉም በመኪናው ስም ይጠራዋል። በመስኮት ብቅ ብሎ «እናንተ እንደ ሙሽራ ቁሙ!» አለና ጥቁሩን እየሰነጠቀ አለፈ።

«ተወው ጋሼ፣ እንዙር።»

«ዕድሜ ልኬን ስዞር ኖሬያለሁ!» አለና ማርሽ አስገባ። መሬቱ እንደ ደረቀ ዳቦ ከጎማው ሥር ተንኮሻኮሸ።

ነፋሱ ከቀትር በኋላ ተነሣ። ባልተነካው ጥቁር ላይ ቅንጣት ሳያነሣ አልፎ መኪኖቹ የቀደዱት ቁስል ላይ ሲደርስ ግን ብናኙን እየዛቀ ወጣ፤ የቁስሉን ጠርዝ እየላጠ አሰፋው። ሰማዩ አመድ መሰለ። ሞተሩ አሳለ፣ አሳለ፣ ጸጥ አለ። ጎማው ሰጠመ። በጥርሳቸው መሀል የሚንቀጫቀጨው ራሳቸው የፈቱት ምድር ነው።

«በል እንጂ፣ በለኝ!»

«ምን ልበልህ ጋሼ?»

«‹ብዬህ ነበር› በለኛ!»

«እጅህን ስጠኝ። በሩ ሳይደፈን እንውጣ።»

ነፋሱ ሲበርድ ታናሽየው ተንበርክኮ የፊቱን ጎማ በእጁ መቆፈር ጀመረ። ከጎማው ጥላ ሥር እፉኝት ተቀብሮ ኖሯል፤ የእጁ አንጓ ላይ ነደፈው። ሹፌሩ በክሪክ ብረት እባቡን ቀጠቀጠው፤ መርዙ ግን ሥራውን ጀምሯል።

«እንሂድ፣ እሸከምሃለሁ።»

«ጆንያውን ካልያዝክ አልሄድም።»

ወንድሙን አዘለ፤ ጆንያውን በገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ጎተተ። ክንድ ማለት ይኼ ነው። ብዙ ከተጓዘ በኋላ ቦቴውን አገኘው፤ ቆሞ የሞተሩን አየር ማጣሪያ ያራግፋል።

«እባብ ነድፎታል። እህታችን ዘንድ አድርሰን።»

ቦቴው ጆንያውን በእግሩ ነካ አደረገ። «ጉድጓድ ያድናል የተባለው አፈር ይኼ ነው? ወዳጄ፣ እኔን የሚያበላኝ አሸዋ ነው። እሱን አራግፍና ወንድምህን ጫን።»

«እንዳታደርገው» አለ ታናሽየው፤ ምላሱ አብጦ ቃሉ ተኮላተፈ።

«ዝም በል አንተ!»

ሹፌሩ የጆንያውን አፍ ፈታ። ከዚህ ልጅ እጅ አንድ ነገር ነጥቆ ለመጣል ሲመኝ ኖሯል፤ ዛሬ ቢደርስለት ፊቱን አዞረ። ደፋው። ነፋሱ ቅርፊቱን አንሥቶ ወሰደው፣ ጥቂቱንም መልሶ ደረቱ ላይ፣ ጢሙ ላይ፣ ኪሱ ውስጥ ወረወረበት።

ጉድጓዱ ሳይታይ ታናሽየው በወንድሙ ጭን ላይ ሞተ። ቦቴው ቴፑን አጠፋ፤ ለእሱ ይኼም ትልቅ ሐዘን ነው።

እህታቸው አልጮኸችም። ቀበሩት። አሸዋው የጉድጓዱን አፍ ሊነካ ክንድ ቀርቶታል። ከቀብር መልስ ሹፌሩ በመቃብሩና በጉድጓዱ መሀል ተቀምጦ ኪሱን ገለበጠ፣ የጃኬቱን ስፌት ሳይቀር አራገፈ። እፍኝ አልሞላም።

«ምንድን ነው?» አለች እህቱ።

«እርሾ ነው እትዬ። ውኃ አምጪ።»

«ለሚጠጣ ሰው ያልበቃውን?»

«አምጪ ብዬሻለሁ!»

አፈሰሰበት። ምንም የለም። «ሞቷል» አለ፤ «የያዝኩት ሁሉ—» ቃሉን ሳይጨርስ ጥቁሩ ቅርፊት አበጥ አበጥ አለ፤ ከመሀሉ አረንጓዴ ነገር እንደ ላብ ወጣ። እህቱ ያን ጊዜ አለቀሰች።

መንደሩ ግማሹ ተሰደደ። ሹፌሩ ቀረ። የደረሰውን ውኃ ከራሱ ጉሮሮ እየቀነሰ አጠጣ። ቅርፊቱ እያዘገመ፣ ለትዕግሥተኛ ብቻ በሚታይ ፍጥነት፣ ከመቃብሩ ግርጌ እስከ ጉድጓዱ ከንፈር ጠቆረ። አሸዋው በሌላው ወገን ይጨምራል፤ በዚህኛው ግን ቆሟል።

አንድ ጠዋት ቦቴው ውኃ ሊሸጥ መጣ፤ ሊያቋርጥ መሪውን ወደ ጥቁሩ አዞረ። ሹፌሩ የክሪክ ብረቱን ይዞ ጎማው ፊት ቆመ። ክላክሱ ጮኸ። ሹፌሩ አልተነቃነቀም።

«ለእፍኝ አፈር ልትሞት ነው?»

«ዙር!» አለ ሹፌሩ።

ቦቴው ዓይኑን አየው፤ ማርሹንም ወደ ኋላ አስገባ።