አቤት በይ

ፈጠራ ነው የሚል ሰው ካለ ቤቴ ይምጣና ልጄን በስሟ ይጥራት።

በፈረንጅ 2011 ነው። ፍራንክፈርት፣ ኖርድኤንድ ሰፈር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

የምንከባከበው ሽማግሌ ዋልተር ይባላል። በጃንሆይ ዘመን አስመራ በነበረ የአሜሪካኖች ካምፕ ወታደር ነበር። በኋላ ወደዚህ ተመድቦ በዚያው ቀረ።

ሥራውን ያስረከቡኝ ከእኔ በፊት ይንከባከቡት የነበሩት እትዬ መነን ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዙኝ።

"ውባለም ብሎ ሲጣራ አቤት እንዳትይ።"

"ለምን እትዬ?"

"ዝም ብቻ በይ..."

ውባለም ማን እንደሆነች ራሱ ነገረኝ። ሾርባ እያጎረስኩት፣ እየሳቀ።

"ገረዴ ነበረች። ስጠራት ዘገየች። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባትና ሦስት ቀን ምጽዋ ወረድኩ። ስመለስ ጠራኋት..."

"እና?"

"አቤት አላለችም።"

አቤትን በአማርኛ ነው ያላት።

ሌላ ሥራ ቢኖረኝ ሾርባውን ፊቱ ላይ እደፋው ነበር። የለኝም። አፉን ጠረግኩለት።

ያን ቀን ልጄ ፀሎት አብራኝ ነበረች። ትምህርት ቤቷ ቀድሞ ስለለቀቀ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ሥዕል ትስላለች። ሰባት ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። ስጠራት "ቫስ?" ነው የምትለኝ፣ በጀርመንኛ ምን ማለቷ ነው። ያንገበግበኛል። ጠዋት ጆሮዋን ቆንጥጬ "ሰው ሲጠራሽ አቤት በይ!" ብያታለሁ።

ሰውዬው ከአልጋው ጮኸ።

"ውባለም!"

ዝም አልኩ።

"ውባለም!"

"አቤት!"

ከወጥ ቤት...

ልጄ ናት። በሩ ላይ ቆማ ፈገግ ብላ ታየኛለች።

"ሪሽቲሽ፣ ማማ?"

ልክ ነኝ ወይ ማለቷ ነው። እኔን ደስ እንዲለኝ ብላ።

"መጣች" አለ ሰውዬው። ዓይኑን ጨፈነ። ሐኪም ሲደርስ ሞቶ ነበር።

ቤት ስንገባ ፀሐይ አልጠለቀችም። ጫማዬን አውልቄ ጠራኋት።

"ፀሎት!"

ዝም...

ቫስ እንኳ የለም።

መኝታ ቤት ገባሁ። ቁም ሳጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ በውጭ በኩል ተሰክቷል። ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው የለም።

"ፀሎት! ፀሎቴ!"

ምንም።

ፈራሁ። በጣም ፈራሁ። ሌላኛው ስም ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"ውባለም...?"

"አቤት፣ እትዬ።"

የልጄ ድምፅ ነው። እጄን ወደ ቁልፉ ስሰድ ከውስጥ በሹክሹክታ፣ በጠራ አማርኛ...

"አይክፈቱ እትዬ። ሦስት ቀን አልሞላም።"