ከአንገቱ የጠፋው ፍላሽ

ኢንስፔክተር ነኢማ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና ወደ ጉድጓዱ አዘነበለች። ኢምፔሪያል አካባቢ ያለው ይህ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሊፍት ሊገባለት ታስቦ ሳይገባለት ቀርቷል። ተከራዮቹ ክፍተቱን ቆሻሻ መጣያ አድርገውታል። በበሰበሰ ምግብ፣ በሕፃን ዳይፐርና በጫት ገረባ ላይ የሶፍትዌር ሠራተኛው ቃልአብ በጀርባው ወድቋል። ቅዳሜ ሞቶ ሰኞ ጠዋት በጠረኑ ተገኘ። ዝንቦች ዓይኑ ላይ ነበሩ።

አንገቱ ላይ የተበጠሰ ክር አለ።

«ይሄ ምን ነበር የያዘው?»

«ፍላሹን ነው» አለች ሰምሃል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው የሶፍትዌር ድርጅት ባለቤት ናት። «ሲተኛ እንኳ አያወልቀውም።»

ፍላሹ ግን የለም።

ዘበኛው ላጲሶ በካቴና ታስሮ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። «ቃልአብ ቆሻሻ አትድፋ ብሎ ተቆጣኝ፤ እውነት ነው። ሁሉም ይደፋል፣ እኔም ደፋሁ። ሰው ግን አልደፋሁም፣ እመቤቴ! አምስት ልጆች አሉኝ፤ ከታሰርኩ ማን ያበላቸዋል?»

ከሰዓት በኋላ ነኢማ ወደ ለቅሶው ድንኳን ሄደች። የቃልአብ የሥራ ባልደረባ ይትባረክ «ወንድሜን!» እያለ ደረቱን ይደቃል። ስትጠራው ዕንባውን ጠርጎ ቀልጠፍ ብሎ መጣ።

«ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣሁ፤ ላጲሶ አይቶኛል። ኦሎምፒያ ሰፈር ከሰምሃል ጋር ደንበኛ ስንጠብቅ፣ አሥር ሰዓት ላይ ቃልአብ ያለቀውን ፕሮግራም በኢሜይል ላከልን። እስከዚያ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሕንፃው ውስጥ የነበረው ዘበኛው ብቻ ነው።»

«አንተ ላፕቶፕ ይዘህ ነበር?»

«አዎ፣ ግን አርብ ፎርማት አድርጌ ሁሉን ያጠፋሁበት ባዶ ማሽን ነው። ፕሮግራም የሚያስኬደው ሞተር አልተጫነበትም። ሞተር በሌለበት ኮድ አይሠራም፣ ኢንስፔክተር። ባለሙያ ይጠይቁ።»

ላፕቶፑን ወስዳ አስመረመረች። ዋሽቶ አልነበረም፤ ምንም አልተጫነበትም።

በማግስቱ ከሟቹ እናት ከወይዘሮ ውባንቺ አጠገብ ተቀመጠች። ሾላ ገበያ በርበሬ ይሸጣሉ፤ ማታ ማታ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ይማራሉ።

«ፊደል ከጀመርኩ ስድስት ወሬ ነው፣ ልጄ። አሮጌ ላፕቶፕ አመጣልኝና ‹እማዬ፣ በዚህ ተለማመጂ› አለኝ። የሠራውን ነገር ‹ስንቅ› ነው የሚለው።»

«ማን ጫነልዎት?»

«ምኑን? ከአንገቱ ያለውን ሰክቶ ገለበጠልኝ፤ ወዲያው ሠራ። ‹ፕሮግራም የሚያስኬደው ሞተርም መጻፊያውም አንድ ላይ ታስረዋል፤ ኢንተርኔት የሌለው ሰው እንዳይቸገር ነው› አለኝ።»

ነኢማ የያዘችውን ሻይ ሳትቀምሰው አስቀመጠች።

ረቡዕ ዕለት ሁሉንም አራተኛ ፎቅ ሰበሰበቻቸው። የጉድጓዱ ጠረን በደረጃው ሽቅብ ይመጣ ነበር። ወይዘሮ ውባንቺ አሮጌውን ላፕቶፕ ታቅፈው መጡ።

«በዚህ ማሽን ላይ ምንም አልተጫነም፤ ባለሙያ አይቶታል» አለች ነኢማ። «ይክፈቱልን፣ እናቴ።»

ወይዘሮ ውባንቺ በአንድ ጣታቸው ነኩት። ስንቅ ተከፈተ። የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብለው አነበቡ፤ «አዘጋጅ፤ ቃልአብ።»

«እንግዲህ በባዶ ማሽን ይሠራል» አለች ነኢማ። «ፍላሹን የያዘ ሰው ኦሎምፒያ ተቀምጦም ፕሮግራም ሠርቶ መላክ ይችላል።»

«ቃልአብ ራሱ እዚህ ሆኖ ቢልከውስ?» አለ ይትባረክ።

«እኔም ጠይቄ ነበር። ስንቅ በሠራው ፕሮግራም ላይ የማሽኑን ሰዓት ይጽፋል። ኢሜይሉ የተላከው ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈው ሰዓት ግን የዚያው ዕለት ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ነው። የቢሮው ኮምፒውተሮች ሰዓት ትክክል ነው። ሰው ፎርማት አድርጎ ሰዓቱን ማስተካከል ከረሳ ግን ማሽኑ ከፋብሪካው የመጣበትን የአሜሪካ ሰዓት ይዞ ይቀራል። የአንተን ላፕቶፕ ስንከፍት ከእኛ በአሥራ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ የእኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት በእሱ ላይ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ነው።»

ሰምሃል ከይትባረክ ራቅ አለች። «ከጎኔ ተቀምጠህ ነው የላክኸው? የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ሁላችንም እናውቃለን… እኔ ደግሞ ‹ጎበዝ ልጅ፣ ጨረሰው› አልኩ!»

«ያን ጊዜ ሞቷል» አለች ነኢማ። «ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ክሩን በጥሰህ ገፈተርከው፤ ከዚያ ላጲሶን ሰላም ብለህ ወጣህ። ቃልአብ ስንቅን ለጎልማሶች ትምህርት ቤቶች በነፃ ሊሰጥ ነበር። ለደንበኛው ልትሸጠው ስትል ግን የማን ሥራ ነው አልክ፣ ይትባረክ?»

ይትባረክ ቦርሳውን ወደ ራሱ ሳበ።

«ቦርሳህን።»

አብሯት የመጣው ፖሊስ ገለበጠው። ከገበሩ ሥር ፍላሹ ወደቀ፤ የክሩ ቁራጭ አልለቀቀውም። ነኢማ በጓንት አንስታ ሰካችው። የላጲሶ ካቴና ሲፈታ ቀጭ ሲል ተሰማ።

ስንቅ ተከፈተ። ወይዘሮ ውባንቺ ተጠግተው ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያስኬዱ ማንበብ ጀመሩ።

«አ… ዘ… ጋጅ። ይት… ባ… ረክ።»

ጣታቸው እዚያው ቆመ። ደግመው አነበቡት፤ የተሳሳቱ መስሏቸው ነበር። ከዚያ ቀና አሉ።

«ድንኳኔ ውስጥ ንፍሮ ዘግኜልህ ነበር» አሉት። «የልጄን ስም ምን አደረግኸው?»

የይትባረክ እግር ሥር እንትፍ አሉና አሮጌውን ላፕቶፕ ከነስሙ ታቅፈው ወጡ።