የሮዳስ አባት እና የሚራክል እናት

ቃሊቲ ውስጥ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በር ላይ የሚቆሙ ዘበኛ፣ ከንግግር ሁሉ አብልጠው የሚወዱት አንድ ንግግር ነበራቸው።

«እህት ወንድም አናስገባም! ወላጅ ይምጣ!»

ሶሊያና በዚያ በር የገባችው ዋሽታ ነው። እናቷ ክር ፋብሪካ የቀን ፈረቃ ናት፤ አባቷ ሌሊት መጋዘን ሲጠብቅ አድሮ ቀን ይተኛል። ትንሹ ወንድሟ ሚራክል ወላጅ ካላመጣህ ተብሎ እያለቀሰ ሲመለስ፣ ሳሪስ ከምትሠራበት ፋርማሲ አስፈቅዳ፣ የእናቷን ነጠላ ለብሳ ሄደችና «እናቱ ነኝ» አለች። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አዩዋትና አሳለፏት።

ለካ ቀኑ የወላጅ ኮሚቴ የሚመረጥበት ኖሯል። ሁለት የአንደኛ ክፍል ምድቦች በአንድ አዳራሽ ጀርባና ጀርባ ሆነው እንደሚማሩ ሲነገር ዝም ብትል ይሻላት ነበር። አልቻለችም።

«የኔ ልጅ ቤት መጥቶ ‹ሀ፣ ሁ፣ ሦስት› እያለ ነው የሚያነበው» አለች።

ሰው ሳቀ። ከኋላ አንድ ረጅም ወጣት ተነሣ። «የኔዋን ደግሞ ሁለት ሲደመር ሁለት ስንት ነው ስላት ‹ሂ› ትለኛለች።»

ስብሰባ ላይ የተናገረ ሰው ምን እንደሚደርስበት የታወቀ ነው። ሁለቱም ተመረጡ።

ወጣቱ ቀናው ይባላል፤ የብረት በርና መስኮት ይበይዳል። እሱም ቢሆን የሮዳስ አባት አይደለም። አባቷ ታላቅ ወንድሙ አብርሽ ነው፤ የጅቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ይነዳል። እናቷ እርግዝናው ከብዷት ተኝታለች። ቀናው በሩ ላይ «አባቷ ነኝ» ያለው ከዘበኛው ጋር ላለመጨቃጨቅ ነበር።

ሰብሳቢው ጋሽ አብዱሰመድ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚነግዱ ሽማግሌ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ሕግ አወጡ።

«እዚህ የግል ስም የለም። የመጣነው ለልጅ ነው፤ የምንጠራራውም በልጅ ነው።»

በወላጆቹ የቴሌግራም ግሩፕም ሁሉም ስሙን ቀየረ። እሱ የሮዳስ አባት፣ እሷ የሚራክል እናት ሆኑ። ሚራክል እህቱን «ሶሊዬ» ይላታል፣ ሮዳስም አጎቷን «ቀናዬ» ትለዋለች፤ ግን እናቱንም አባቱንም በስም የሚጠራ ልጅ በሰፈሩ ሞልቷል። ማንም ልብ አላለም።

ኮሚቴው አዳራሹን ለሁለት የሚከፍል ግድግዳ ለማቆም ተነሣ። ቀናው በየፋብሪካው ደጅ ጠንቶ፣ ማሽን ታሽጎ የመጣበትን የሣጥን ጣውላ ለመነ። ሶሊያና ግሩፑን ያዘች። «ሚስማር ያላችሁ ሚስማር፣ ጉልበት ያላችሁ ጉልበት» ብላ ትጽፋለች። ወላጆቹ እንደ ወላጅ ናቸው፤ ግማሹ አበባ ይልካል፣ ግማሹ ልጄን ማን መታብኝ ይላል፣ ጥቂቱ ሚስማር ያመጣል። መምህራኑ የሚሰጡትን የቤት ሥራም እሷው ታስተላልፍ ስለነበር ቀናው በየማታው ጥያቄ አያጣም።

«የሚራክል እናት፣ የዛሬው የቤት ሥራ አልገባኝም።»

«ሥዕል ቀለም መቀባት እኮ ነው፣ የሮዳስ አባት።»

«እሱማ ገብቶኛል።»

ይህን መልእክት ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ስልኩን ትራሷ ሥር ከታ በራሷ ተናደደች። ባለትዳር ሰው ወድዳ ነበር። እሱም የሰው ሚስት ወድዶ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ መግባት እያፈረ ነበር። ሁለቱም እውነቱን ቢናገሩ የሚያጡት የኮሚቴ ወንበር ብቻ ሳይሆን፣ ያን ቅዳሜ ቅዳሜ መገናኘትም ነው። ስለዚህ ዝም አሉ።

ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ወላጅ ሁሉ ወጣ። ቀናው የብረቱን ቋሚ በየደ፣ ጣውላው ከሁለቱም ወገን ተመታ። እሷ በአንድ በኩል ደግፋ ትይዛለች፣ እሱ በሌላው በኩል ሚስማር ይመታል። ከሰዓት በኋላ የአንድ ሳንቃ ክፍተት ብቻ ቀረ። በክፍተቱ ተያዩ። መዶሻው እጁ ላይ ቆመ፤ እሷም ሳንቃውን አላነሣችም።

«የሮዳስ እናት አንድ ቀን እንኳ አልመጡም» አለችው ቀስ ብላ። ተለያይተናል እንዲላት ፈልጋ ነበር፤ መፈለጓም አሳፈራት።

ቀናው ስለ ወንድሙ ሚስት የተጠየቀውን በቅንነት መለሰ።

«አራስ ናት።»

ሶሊያና ዓይኗን ወደ ሳንቃው መለሰች። «እንኳን ማርያም ማረቻቸው» አለች።

«አሜን። የሚራክል አባትስ?»

«ሌሊት ሥራ ያድራል። ቀን ይተኛል።»

«እግዜር ያበርታቸው» አለና የመጨረሻውን ሳንቃ ራሱ አንሥቶ መታው። ያን ቀን ከዚያ ወዲያ አልተያዩም።

ግሩፑን በማግስቱ ለነጅላ እናት ለሰዓዳ አስረከበች። የሥራ ብዛት ሰበብ ሆነላት። ቅዳሜ ስብሰባ ሲኖር አርፍዳ ትገባና ቀድማ ትወጣለች። ቀናው ምን አድርጌያት ነው እያለ ሲብሰለሰል ከረመ፤ ከዚያ ባሏን ብታስብ ነው ብሎ ለራሱ መለሰ። ሚራክል ቤት ውስጥ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ብሎ ሳያደናግር ያነበበ ዕለት እናቱ እልል አለች። ሶሊያና ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ግንቦት ላይ የወላጆች ቀን ሆነና አዲሶቹ ክፍሎች ሊመረቁ ነው ተባለ። አልሄድም ብላ ነበር፤ ሚራክል ግጥም ስላለው ሄደች። ቀናው ግድግዳው አጠገብ ቆሟል። ሮዳስ በሩጫ መጣች፤ እጁን ዘረጋላት። አልፋው ሄደች።

«አባዬ!»

በሩ ላይ ፀሐይ ያከሰለው አንድ ወፍራም ሰው ልጅቷን ከመሬት አንሥቶ ሲስማት ሰው ሁሉ ዞረ። ጋሽ አብዱሰመድ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«የሮዳስ አባት እሳቸው ከሆኑ... አንተ ማን ነህ?»

ቀናው ጫማውን አየ። «አጎቷ ነኝ፣ ጋሼ። ልጅ የለኝም። ሚስትም የለኝም።»

ማጉረምረም ተጀመረ። ዘበኛው ከሩቅ «ብዬ ነበር» አሉ፤ ምንም አላሉም ነበር። ሶሊያና ከወላጆቹ መሀል ቆማለች። ዝም ብትል ሰው ፊት አትዋረድም፤ ወንድሟም ከበር አይመለስም። ዝም ብትል ግን ያ ሰው የሰው ሚስት የወደደ መስሎት ከዚያ በር ይወጣል፤ አይመለስም።

«ጋሽ አብዱሰመድ» አለች፤ የምታየው ግን ቀናውን ነበር። «እኔም የሚራክል እህት ነኝ። ባል የለኝም። ቀን የሚተኛው አባቴ ነው።»

ቀናው ቀና አለ። ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ መደበቅ ቢፈልግም አይችልም ነበር።

ጋሽ አብዱሰመድ ወደ ቀሩት የኮሚቴ አባላት ዞሩ። «እንዲያው ከእናንተ መሀል የወለደ ሰው አለ?»

ሰዓዳ እጇን አወጣች። «እኔ ወልጃለሁ፣ ወላሂ!»

ሁለቱም ያኔውኑ ከኮሚቴው ተሰናበቱ። ሕግ ሕግ ነው። ጋሽ አብዱሰመድ ግን ሚራክልን ማንም ከበር እንዳይመልሰው ዘበኛውን አስጠነቀቁ። የግጥሙ ጊዜ ካለቀ በኋላ ሁለቱ ተባረው በወጡበት በር ፊት አቧራው ላይ ቆሙ።

«ስምሽ ማን ነው?» አላት። ዓመቱን ሙሉ አንቱ ሲላት ኖሮ።

«ሶሊያና።»

«ሶሊያና» ብሎ ደገመው፤ ወደ ባቡሩ ፌርማታ አብረው ሄዱ።

በቀጣዩ ዓመት ግሩፑ ውስጥ ብዙ አዳዲስ ወላጆች ገብተዋል። አንድ ጠዋት ጋሽ አብዱሰመድ በራሳቸው እጅ ጻፉ፦ «የሮዳስ አባትና የሚራክል እናት እሑድ ስለሚጋቡ፣ ወላጅ ሁሉ እንዲገኝ።»

ግሩፑ ታመሰ። «ኧረ በስመ አብ!» አለ አንዱ። «እንዲህ ያለ ጉድ በትምህርት ቤት?» አለች ሌላዋ። የአንድ አዲስ ተማሪ እናት ብቻ ከልቧ ተጨንቃ ጠየቀች፦ «ልጆቹስ? ልጆቹ ምን ይሆናሉ?»

ጋሽ አብዱሰመድ ቀስ ብለው በአንድ ጣት ጻፉ።

«ልጆቹ ሚዜ ናቸው።»