ጎድጎድ ያለው ወንበር

«ይሞክሩት እንጂ፣ አባባ። ይቀመጡበት» አለች ልጅቷ፣ ወንበሩን ወደ ብርሃኑ እያዞረች።

ሽማግሌው አልተቀመጡም። መቀመጫውን በመዳፋቸው ጫን አደረጉት። አዲሱ ስፖንጅ ትንሽ ሰመጠና መልሶ ተነሣ። እንደገና ጫኑት፤ እንደገና ተነሣ። የጠፋባቸውን ነገር የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

የልጅቷ እናት እቤታቸው ሶፋና ወንበር ታድሳለች። መርፌና መዶሻው ለእናት፣ ስልኩ ለልጅ፤ ሥራው የተከፋፈለው እንዲህ ነው። ደንበኛ ሲደውል የእናቲቱ አንደበት ይተሳሰራል። ልጅቷ ግን ምላሷ ጤፍ ይቆላል፤ «ራዲዮ» የሚል ቅጽል የወጣላትም ያለ ነገር አይደለም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የታደሱትን ወንበሮች ፎቶ ትለጥፋለች፣ ለጠየቀ ሁሉ ትመልሳለች፣ «ፏ አድርገን እናስረክባለን» እያለች ያመነታውን ታሳምናለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሥራ የበዛው በእሷ አፍ ነው። ይህንንም ታውቃለች፤ ትኮራበታለችም።

እኚህንም ሽማግሌ ያመጣቻቸው እሷ ነበረች። የደወሉ ቀን ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር። «የወንበሬ እግር ይነቃነቃል» አሉ። ቀጠሉና «ባለቤቴ…» ብለው ዝም አሉ። ልጅቷ ዝምታ አትወድም፤ ደንበኛ ዝም ካለ ሐሳቡን ሊቀይር ነው ብላ ታምናለች። ስለዚህ «አይጨነቁ አባባ፣ እንደ አዲስ ሆኖ ነው የሚመለስልዎት» ብላ ቶሎ ገባችበት። እሳቸውም «እሺ፣ ልጄ» አሉ። ለእናቷ ደግሞ «ሙሉ እድሳት ነው የፈለጉት» አለቻት።

«ጎድጎድ ያለ ቦታ ነበረው» አሉ አሁን ሽማግሌው፣ እጃቸውን ከመቀመጫው ሳያነሱ። «እዚህ ጋ፣ በግራ በኩል። እሷ ወደ መስኮቱ ጋደል ብላ ነበር የምትቀመጠው። ካረፈች በኋላ ማንም አልተቀመጠበትም።»

ልጅቷ ክው አለች።

«የድሮው ስፖንጅ ይኖር ይሆን?» አሉ ሽማግሌው።

ከኋላቸው የቆመችው እናት አንገቷን ደፋች። ስፖንጁ ተቆራርጦ ከቆሻሻው ጋር ሄዷል። «ተጥሏል፣ አባቴ» አለች ድምፅዋ እየጠፋ። «ይቅር ይበሉኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳልነካው ልጠይቅዎት ይገባ ነበር።»

ልጅቷ ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እናቷ ዐይኗን እንኳ ወደ እሷ አላዞረችም። በመርፌ የተወጋጉ ጣቶቿን ሽርጧ ላይ ደጋግማ ትጠርጋለች።

«እማዬ አይደለችም» አለች። «እኔ ነኝ። ሊነግሩኝ ሲሉ አቋረጥኩዎት። ለእሷም በደንብ አልነገርኳትም።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ወንበሩማ አምሯል» አሉ ረጋ ብለው። «እጃችሁ ይባረክ።»

ይህ ከቁጣ የባሰ አመማት። የሚያጽናና ቃል ፈለገች። ቃል አጥታ የማታውቀው ልጅ፣ ዛሬ ወደ አፏ የሚመጣው ሁሉ ደንበኛ የምትጠራበት ወሬ ብቻ ሆነባት።

«አባባ፣ ያን ቀን ‹ባለቤቴ› ብለው ጀምረው ነበር» አለች በመጨረሻ። «ምን ሊሉኝ ነበር?»

ሽማግሌው የእናቷን አጭር በርጩማ ሳብ አድርገው ከባዶው ወንበር ፊት ለፊት ተቀመጡ። የልጅቷ ኪስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ አዲስ ደንበኛ ሳይሆን አይቀርም። ማን እንደሆነ ሳታይ ዘጋችውና አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ባለቤቴ…» አሉ ሽማግሌው፤ እንደዚያ ቀን ዝም አሉ።

ልጅቷ ጠበቀች።